ከፍርስራሽ ማውጣት ብቻውን ማዳን አይደለም

ቤት ሲፈርስ ወይም ናዳ ሲወርድ ጩኸት የሰማ ሁሉ ሥራውን ጥሎ መድረሱ የሕዝባችን የቆየና የሚመሰገን ልማድ ነው። ነገር ግን የተጫነው ድንጋይ ተነሥቶለት መናገር የቻለውን ሰው «እንኳን ተረፍህ» ብሎ ወደ ቤቱ መሸኘት ታላቅ አደጋ ያለበት መሆኑን ብዙ ሰው አልተረዳውም። ዛሬ ልናሳስብ የወደድነው ይህንኑ ነው።

እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በ1940 እና በ1941 ዓ.ም. የሎንዶን ከተማ በቦምብ በተደበደበች ጊዜ፤ በፍርስራሽ ሥር ብዙ ሰዓት ተጭነው ከቆዩት ሰዎች አንዳንዶቹ በሕይወት ወጥተው ደኅና መስለው ታዩ። ጥቂት ቆይቶ ግን የተጫነው እግራቸው አበጠ፤ ሽንታቸው ጠቆረ፤ አነሰም፤ ከጥቂት ቀንም በኋላ ሞቱ። ኤሪክ ባይዋተርስ የተባለው ሐኪም ከባልደረባው ጋራ መርምሮ በ1941 ዓ.ም. በጻፈ ጊዜ፤ የሞታቸው ምክንያት የኩላሊት ሥራ ማቆም መሆኑ በግልጽ ታወቀ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጡንቻ ለብዙ ጊዜ ተጨፍልቆ ሲቆይ ይሞታል። ክብደቱ በተነሣ ጊዜ በሞተው ሥጋ ውስጥ ታግዶ የነበረው ሁሉ ወደ ደም ይገባል። ከዚህ አንዱ ፖታሲየም የተባለው ጨው ሲሆን፤ ሲበዛ ልብን በድንገት ያቆማል። ጡንቻን የሚያቀላውም ነገር ኩላሊትን ይደፍናል። ከዚህም በላይ የደም ውሃ ወደ ተጎዳው እግር ስለሚሰርግ የሰውየው ጉልበት ይደክማል።

ስለዚህ ሐኪም ከቦታው ከደረሰ፤ ክብደቱ ከመነሣቱ አስቀድሞ ፖታሲየም የሌለበትን የጨው ውሃ በደም ሥር መስጠት ይጀምራል፤ ይኸውም ለጐልማሳ ሰው በሰዓት 1 ሊትር ያህል ነው። ኩላሊቱ የደከመውን በሽተኛ ደግሞ በሆስፒታል ደሙን በመኪና በማጠብ ማዳን ይቻላል። በ1999 ዓ.ም. እንደ አውሮጳ አቆጣጠር በቱርክ አገር በማርማራ የመሬት መናወጥ በደረሰ ጊዜ፤ በዚህ ምክንያት ኩላሊታቸው ከታመመው ከ600 የሚበልጡ ሰዎች መካከል 477ቱ ደማቸው መታጠብ አስፈልጓቸዋል።

በአገራችንም መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በቆሼ፤ ሐምሌ 15 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ በጎፋ የወረደው ናዳ ያደረሰው ኀዘን አይረሳም። በጎፋ የተቀበሩትን ሊያወጡ የሄዱት ብዙዎች ሁለተኛው ናዳ ስለ ቀበራቸው፤ ረጂው አስቀድሞ የቆመበትን መሬት መመርመር እንደሚገባው ተምረናል።

እንግዲህ እያንዳንዱ ሰው ይህን ይወቅ። በቶሎ ወደ 907 ወይም በአዲስ አበባ ወደ 939 ስልክ ይደወል። ደረትን፤ ሆድን ወይም ራስን የተጫነ ነገር ሳይዘገይ ይነሣ። እግር ወይም እጅ የተጫነውም ቢሆን፤ ሐኪም ይመጣል ተብሎ በሚፈርስ ግንብ ሥር አይተው። ደም የሚፈስበትን በንጹሕ ጨርቅ አጥብቆ መጫን ይገባል፤ ለሕይወት የሚያሰጋ መድማት ካልሆነ በቀር ግን እግሩን በገመድ ማሰር ጉዳት እንጂ ጥቅም የለውም። ከብርድ እንዲጠበቅ ይሸፈን፤ የተጫነበትና የወጣበት ሰዓት ተጽፎ ለሐኪም ይሰጥ። ከሁሉም በላይ «ደኅና ነኝ» ቢልም ወደ ወጌሻ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ይወሰድ።

ድንጋይ የሚፈለጥበት፤ ሕንፃም የሚሠራበት ስፍራ ኀላፊዎች ሠራተኞቻቸውን ይህን ሊያስተምሩ፤ በአቅራቢያው ያሉ ጤና ጣቢያዎችም የጨው ውሃውን አዘጋጅተው ሊጠብቁ ይገባል። ወገኑን ከድንጋይ ሥር ለማውጣት የደከመ ሰው ድካሙ ፍሬ የሚያገኘው፤ የወጣው ሰው ከሐኪም እጅ በደረሰ ጊዜ ነው።