በጠባብ ግቢ ግድግዳ ላይ ስለሚወጣ ጽጌረዳ

ባለፈው ወር በዚህ ገጽ ስለ ጎመን መደብ ተነጋግረን ነበር። ዛሬ ደግሞ ለሆድ ሳይሆን ለዓይንና ለአፍንጫ ስለሚተከል ነገር ጥቂት ልጽፍ አስቤአለሁ፤ ይኸውም ጽጌረዳ ነው። «ማገዶ በጠፋበት ደጋ አበባ ምን ይሠራል?» የሚል አንባቢ ቢኖር አልፈርድበትም፤ እኔም ራሴ ቀድሞ እንዲሁ እል ነበርና። አሳቤን ያስለወጠኝን ነገር ግን ከመጀመሪያው ልንገራችሁ።

የምኖረው በራቤል ነው። ግቢዬ ርዝመቷ ዐሥራ ሁለት ርምጃ፣ ወርዷም ስምንት ርምጃ ቢሆን ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት አባቴ ባረፈ ጊዜ እናቴ የገጠር ቤቷን ዘግታ ወደ እኔ መጣች። በስተርጅና ከማሳውና ከአጥሩ ተለይቶ ከተማ የገባ ሰው እንዴት እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ። ቀኑን ሙሉ በደጃፉ መደብ ላይ ተቀምጣ የጎረቤትን ግድግዳ ትመለከት ነበር። እኔም ላስደስታት ብዬ ወደ አዲስ አበባ በወረድሁ ጊዜ በመንገድ ዳር ከሚሸጡት ችግኞች አንዲት ቀይ ጽጌረዳ ገዝቼ መጣሁ። እናቴ ችግኟን አገላብጣ አየችና፦ «ልጄ፤ ይህች ብርድ የምታውቅ አትመስልም፤ ከቀጋው ለምን አታመጣልኝም?» አለችኝ። እኔ ግን ሳቅሁ። ቀጋ የአጥር እሾህና የእረኛ መክሰስ ነው እንጂ በመምህር ግቢ የሚተከል ነገር መስሎ አልታየኝም።

ኅዳር ገባ፤ አመዳይም ወረደ። ሦስት ሌሊት በቃ። ቅጠሏ የፈላ ውሃ እንደ ተደፋበት ጠቁሮ ረገፈ፤ ግንዷም እስከ ሥሯ ደረቀ። እናቴ አንዳች አልተናገረችም። ያ ዝምታ ከተግሣጽ ይልቅ ከበደኝ።

ምክንያቱን በኋላ ስመረምር የእናቴን አነጋገር እውነተኛነት አገኘሁ። አገራችን አበባ ለውጭ ገበያ በመላክ በአፍሪካ ከኬንያ ቀጥላ የምትገኝ ናት። ነገር ግን በሆለታ፣ በሰበታና በዝዋይ የሚመረተው ጽጌረዳ በላስቲክ ቤት ውስጥ ተጠልሎ፣ ውሃውም ምግቡም እየተለካለት የሚያድግ ነው። የተመረጠውም ለአበባው ትልቅነትና ለግንዱ ርዝመት እንጂ አመዳይን ለመቻል አይደለም። በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎችም እንዲህ ያለ ችግር አለባቸው፤ ነፋሱና ጨዉ ለስላሳውን ጽጌረዳ ያቃጥልባቸዋል። ስለዚህ በጃፓን ባሕር ዳር በአሸዋ ላይ በተፈጥሮው የሚበቅለውን ባለ ሻካራ ቅጠል ጽጌረዳ ወስደው መትከልን ተማሩ። እነርሱ የባሕር ዳሩን ጽጌረዳ ካገኙ፣ እኛ የደጋውን ከወዴት እናገኛለን?

መልሱ በአጥራችን ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ቀጋ ራሱ ጽጌረዳ ነውና። እንግሊዛዊው የዕፀዋት ሊቅ ጆን ሊንድሊ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1820 ስለ ጽጌረዳ ዘሮች ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ ሮዛ አቢሲኒካ፣ ማለትም የአቢሲኒያ ጽጌረዳ በሚል ስም መዝግቦታል። ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ባለው አፍሪካ ማንም ሳይተክለው በተፈጥሮው የሚበቅል ጽጌረዳ ይህ ብቻ ነው። አበባው ነጭ፣ ባለ አምስት ቅጠልና መዓዛው ጣፋጭ ነው። በትግራይ አብያተ ክርስቲያናት ቅጥር ውስጥ ይተከል የነበረ ሐመር ሮዝ አበባ ያለው ሌላ ጽጌረዳ ደግሞ አለ። ፈረንሳዊው አሺል ሪሻር በ1840ዎቹ «ቅድስቲቱ ጽጌረዳ» ብሎ የሰየመው እርሱን ነው። እርሱ ግን ዝቅ ብሎ የሚሰፋ ቁጥቋጦ ስለ ሆነ ለግድግዳ አይሆንም፤ ለግድግዳ የሚሆነው ቀጋው ነው።

እንግዲህ ቀጋ ብትለቁት ከጣራ በላይ ወጥቶ ግቢውን የሚሞላ ኃይለኛ ተክል ነው። በጠባብ ግቢ እንዲኖር ልጓም ያስፈልገዋል። እኔ ስሕተቴን ካረምሁ በኋላ ያደረግሁት እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፤ ቦታ መረጥሁ። ከኅዳር እስከ ጥር ፀሐይ ወደ ደቡብ ዘንበል ብላ ስለምትሄድ ወደ ደቡብ የሚመለከት የድንጋይ ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ሙቀት ይጠጣል፤ ሌሊትም ያንኑ ሙቀት ቀስ እያለ ይመልሳል። ብርድ እንደ ውሃ ወደ ዝቅታ የሚፈስስ ስለ ሆነ ከግቢው ዝቅተኛ ማዕዘን ራቁ። ከባሕር ዛፍም ራቁ፤ ውሃውን ይሻማልና።

ሁለተኛ፤ ጉድጓዱን ከግድግዳው 40 ሳንቲ ሜትር ያህል አርቄ፣ ጥልቀቱንም ወርዱንም 60 ሳንቲ ሜትር አድርጌ ቆፈርሁ። ከግድግዳው ሥር ያለው አፈር በጣራው ስለሚጋረድ ዝናብ አያገኝም። የወጣውን አፈር ዓመት ከቆየ ፍግ ጋር ደባልቄ መለስሁት። ትኩስ ፍግ ግን ሥር ያቃጥላል።

ሦስተኛ፤ በሰኔ ዝናብ ሲጀምር ከአሮጌው አጥራችን ሥር ካወጡት ጨንገሮች አንዱን ከነሥሩ ነቅዬ ተከልሁ። በእርሳስ ውፍረት የተቆረጠ፣ አንድ ስንዝር የሚያህል ጨንገርም ሁለት እጁን ከአፈር ውስጥ ቢቀብሩት ይጸድቃል፤ ከስድስቱ ሁለቱ ጸድቀውልኛል። በሰኔ የተተከለ ሥሩን ሰድዶ አመዳዩን ይጠብቃል። በመጀመሪያው በጋ እግሩን በገለባ ሸፈንሁለት፤ በጎች እንዳይበሉትም ዙሪያውን አጠርሁ።

አራተኛ፤ ዋናው ነገር ይህ ነው፤ ግድግዳው ላይ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ጫፍ ሦስት ሽቦ ወጠርሁ፤ ነፋስ እንዲገባበትም ሽቦውን ከግድግዳው አራት ጣት አራቅሁት። ጨንገሩ ገና ለጋ ሳለ ቀስ ብዬ ወደ ጎን አጋድሜ በጨርቅ ቅዳጅ አሰርሁት። ቅርንጫፍ ቀጥ ብሎ ሲቆም ጫፉ ከበታቹ ያሉትን አንጓዎች እንዳያቈጠቍጡ ይገታቸዋል፤ አበባውም ከላይ ብቻ ይሆናል። በተጋደመ ጊዜ ግን አንጓዎቹ ሁሉ ይነቃሉ፤ ከግር እስከ ራሱ ያብባል። ወደ ላይ የሚሮጠው ኃይል ወደ ጎን ስለሚመለስም ተክሉ በግቢው ልክ ይኖራል።

አምስተኛ፤ ስለ መቍረጥ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ከደረቀው በቀር ምንም አትቍረጡ። ቀጋ የሚያብበው ካለፈው ዓመት ቅርንጫፍ በሚወጡት አጫጭር ጨንገሮች ላይ ስለ ሆነ ሁሉን የቈረጠ ሰው አበባውን ቈረጠ። ከዚያ በኋላ አራት ዋና ቅርንጫፎች አስቀርታችሁ ከሥር የሚፈላውን ትርፍ በየዓመቱ አስወግዱ። ከአመዳይ በፊት አትነካኩት፤ የተቈረጠ ሁሉ ያቈጠቍጣልና ለጋው በብርድ ይነደፋል። የካቲት እስኪገባ ታገሡ።

ውሃ በየቀኑ በጥቂት ከመርጨት በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በማለዳ፣ ከእግሩ ላይ በደንብ ማጠጣት ይሻላል። ቅጠሉን ካረጠባችሁት ግን ሻጋታ ይጋብዛል። ክሽክሽ ከያዘው በሳሙና ውሃ እጠቡት። እሾሁ እንደ መንጠቆ የጎበጠ ስለ ሆነ ልጆች ከሚሮጡበት መተላለፊያ አርቁት።

ፍሬውንም አትናቁ። እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከውጭ የሚገባው ብርቱካን እጅግ ቢያንስባቸው በየአጥሩ ያለውን የዱር ጽጌረዳ ፍሬ ለቅመው ለሕፃናቶቻቸው ሽሮፕ አዘጋጅተውበታል፤ ቫይታሚን ሲ የበዛበት ነውና። ከውስጡ ያለው ፍሬና ጠጕር ጉሮሮ ስለሚበላ ሥጋውን ብቻ መብላት ይገባል፤ ይህን ግን እረኞቻችን ከመጽሐፍ በፊት ያውቁታል።

ቀጋው ያበበው በሦስተኛው ዓመት ነው። በዚያን ጊዜ የእናቴ ዓይን እጅግ ደክሞ ነበር፤ የጎረቤትንም ግድግዳ መለየት ትታ ነበር። አንድ ማለዳ ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል ከመደቧ ተነሥታ፣ በእጇ ግድግዳውን እየዳሰሰች ስትሄድ አየኋት። እሾሁ እንዳይወጋት ብዬ ልከለክላት ስቀርብ፦ «ተወኝ፤ እሾሁንማ አውቀዋለሁ፤ የአጥራችን ቀጋ አይደለምን?» አለችኝ። «አዎን እምዬ፤ እርሱው ነው» አልኋት። ከዚያን ቀን ጀምሮ መደቧን ወደ ግድግዳው አዞረችው።

እንግዲህ በቤታችሁ ከገጠር የመጣ አረጋዊ ቢኖር፣ ችግኝ ልትገዙ ከመሄዳችሁ በፊት በአጥሩ ላይ ምን ይበቅል እንደ ነበር ጠይቁት። ጉድጓዱንም ሰኔ ሳይደርስ ቆፍራችሁ ቆዩ።