ቪዲዮው «ኳሊቲ የለውም» ላላችሁኝ

ስለ መጀመሪያው የፊዚክስ ቪዲዮዬ የጻፋችሁልኝን በሙሉ አንብቤዋለሁ፤ አመሰግናለሁ። አሁን ግን እኔም የምለው አለኝ።

«ቲቸር፣ ባክግራውንዱ ባዶ ግድግዳ ነው»፣ «መግቢያ ሙዚቃ የለውም»፣ «ለምን በእንግሊዝኛ ብቻ አልሠሩትም?»

ወገኖቼ፣ ፕላዝማን ረሳችሁት እንዴ? በ1997 ዓ.ም. ሁለተኛ ደረጃ ሲገባ ደቡብ አፍሪካ ተዘጋጅቶ፣ በጠራ እንግሊዝኛ፣ በሳተላይት ነበር የሚወርድልን። ምስሉማ ምን ይወጣለታል! ግን አይጠብቅም። ጥያቄ ይጠይቅና ልጁ እስክሪብቶውን ሳያነሳ መልሱን ተናግሮ ያልፋል። መምህሩ ጥግ ቆሞ አብሮ ያያል። መብራት ከጠፋ ደግሞ ያ ትምህርት ሄደ ነው፤ ነገ አታገኘውም። ይሄንን ነው የኳሊቲ መለኪያ አድርጋችሁ የምታመጡብኝ?

እኔ ስልኬን ጀሪካን ላይ አስደግፌ ስቀዳ የተማርኩት ሌላ ነው። ተማሪ የደበዘዘ ምስል ይታገሳል፤ ያልተሰማ ድምፅ ግን ወዲያው ይዘጋል። ስለዚህ መብራት ከመግዛት በፊት ጸጥታ ፈልጉ። ነገሌ ውስጥ እሱ የሚገኘው ባጃጅ ሳይነሳ፣ ነፋሱም ሳይጀምር፣ ገና ሲነጋጋ ነው። ነጻ ነው፣ እንቅልፍ ብቻ ያስከፍላል።

ከሁሉ በላይ ደግሞ ምሳሌው። ሥራን ለማስረዳት ሊፍት ምን ያደርግልኛል? ሊፍት አይቶ የማያውቅ ልጅ ሞልቷል። የቦረናን ጥልቅ ጉድጓዶች፣ ቱላን ግን ያውቃል። ሰዎች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው እየዘፈኑ ውኃ ይቀባበላሉ። 10 ሊትር ውኃ 10 ሜትር ሲወጣ 10 × 9.8 × 10፣ 980 ጁል ነው። አምስት ሰው ሁለት ሁለት ሜትር ከተቀባበለው እያንዳንዱ 196 ጁል ይሠራል። ደምሩት! ውኃው ላይ የተሠራው ሥራ ያው ነው፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ነው ያነሰው። እዚህ ላይ «ስልኩን አቁሙና ሥሩት» ብዬ ዝም እላለሁ። «ባዶ ቦታ አለው፣ ቁረጡት» ያላችሁኝ ይሄንን ዝምታ ነው። አልቆርጠውም! ትምህርቱ እዚያ ነው ያለው።

ቋንቋውም ቢሆን ሆን ተብሎ ነው። ማብራሪያው በአፋን ኦሮሞ፣ ፈተና ላይ የሚመጡት ቃላት በእንግሊዝኛ። ልጁ መጀመሪያ ይግባው፣ ከዚያ ስሙን ይያዝ።

«ኤችዲ አድርጉት» ለምትሉኝም፦ አዲስ አበባ ዋይፋይ ላይ ተቀምጦ ይሄን ማለት ቀላል ነው። እዚህ ልጁ በቀን ጥቅል ነው የሚገባው፣ ስልኩም የታላቅ ወንድሙ ነው። ስድስት ደቂቃውን አሳንሼ የላክሁት በቴሌግራም ቶሎ እንዲወርድ፣ ከስልክ ስልክ በብሉቱዝ እንዲያልፍ ነው።

ያቤሎ፣ ሞያሌ፣ ሻኪሶ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼ፣ በሚሞሪ ካርድ እየገለበጣችሁ ለታናናሾቻችሁ ስጡልኝ። የቀጣዩ ርዕስ ፓወር ነው። የጉድጓዱን ሰዎች ሰዓት ይዤ እመጣለሁ።