«በድንገት» ያረፉ ልጆች

በዋሽንግተንና አካባቢው፣ በዳላስ፣ በሲያትል ወይም በአትላንታ በሚገኙ የኢትዮጵያውያን አብያተ ክርስቲያናት የአንድ ወጣት ኀዘን ሲነገር መግለጫው ብዙ ጊዜ አንድ ቃል ላይ ይቆማል፤ ልጁ «በድንገት» አረፈ ይባላል። የሃያ ዓመት ልጅ፣ ጤነኛ፣ ኮሌጅ የጀመረ፣ በድንገት። ለቀስተኛው ከንፈሩን ይመጣል፣ ንፍሮ ይዞራል፣ ለቀብር ማስፈጸሚያ ገንዘብ ይዋጣል፣ አርባው ይወጣል። በምን እንደ ሞተ የሚጠይቅ የለም፤ ቢኖርም ባለጌ ይባላል። «በድንገት» የተባለው ሁሉ በዕፅ የሞተ አይደለም። ሆኖም ቃሉ የልብ ሕመሙንም፣ ራስን ማጥፋቱንም፣ ክኒኑንም በአንድ ነጠላ ስለሚሸፍን፣ በዚያ ሳሎን የተቀመጡት ሌሎች ወላጆች በገዛ ቤታቸው ምን ሊመጣ እንደሚችል ሳይሰሙ ወደየልጆቻቸው ይመለሳሉ።

ይህ ዝምታ እንደ ክርስቲያናዊ ምግባር መቆጠሩ ነው ትልቁ ጥፋት። ገመናን መሸፈን ምሕረት ነው ተብሎ ይታመናል፤ የሰውን ውድቀት በአደባባይ አለማውጣት በእርግጥም ምሕረት ነው። ሐሜቱም ምናባዊ አይደለም። ልጁ ማገገሚያ ገባ የተባለች እናት በማግስቱ በማኅበሩ ጽዋ ላይ የምታየውን ፊት ጠንቅቃ ታውቀዋለች። ይሁን እንጂ የሌላውን ገመና መሸፈንና የራስን ልጅ በሽታ ከሐኪም፣ ከካህን፣ ከቅርብ ዘመድ መሸሸግ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ከወንጌል የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ሁለተኛው የይሉኝታ ልጅ ነው። አገሬው «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለው ይህን ስለሚያውቅ ነው፤ ተረቱን ለጎረቤት የሚጠቅሰው ወላጅ ግን ወደ ገዛ ቤቱ ሲመለስ በሩን ይዘጋል።

በአብዛኛው ወላጅ አእምሮ ውስጥ ያለው ሱሰኛ በአገር ቤት የሚያውቀው ሰው ነው፦ ከሲጋራ ወደ ጫት፣ ከጫት ወደ አረቄ፣ ከአረቄ ወደ ጎዳና በዓመታት የወረደ። ይህ ሥዕል ለመምከር፣ ሽማግሌ ለመላክ፣ ስለት ለመሳል ጊዜ ይሰጣል። ፌንታኒል ይህን የጊዜ ሰሌዳ ሰርዞታል። ከሞርፊን 100 እጥፍ፣ ከሄሮይን 50 እጥፍ ያህል የሚበረታ ሰው ሠራሽ ንጥረ ነገር ነው፤ የአሜሪካ የዕፅ ቁጥጥር መሥሪያ ቤት 2 ሚሊግራም ብቻ ሊገድል እንደሚችል ይገልጻል። መሥሪያ ቤቱ በ2023 ከመረመራቸው ፌንታኒል ካለባቸው ሐሰተኛ ክኒኖች ውስጥ ከየ10ሩ 7ቱ ይህን ያህል ወይም ከዚያ በላይ መጠን ይዘው ተገኝተዋል። ክኒኖቹ ዛናክስን፣ ፐርኮሴትን ወይም ተማሪዎች ለፈተና ያነቃል የሚሉትን አደራልን እንዲመስሉ ተደርገው ይሠራሉ፤ ገበያቸውም ወላጅ ልጁን እንዳይደርስበት የሚከለክለው የጨለማ መንደር አይደለም፤ ስናፕቻት ነው፣ በልጁ ኪስ ውስጥ። በ2022 በአሜሪካ ከልክ በላይ በተወሰደ ዕፅ ከ107,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከሁለት ሦስተኛው በሚበልጠው ሞት ፌንታኒልና መሰሎቹ ነበሩበት። በ2024 ቁጥሩ ወደ 80,000 ገደማ ወርዷል፤ መውረዱ የሚያስደስት ቢሆንም ይህ አሁንም በየቀኑ ከ200 በላይ ቀብር ነው።

ስለዚህ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ከጓደኛ ተቀብሎ፣ ፈተና ሊያጠና ብሎ ክኒን የዋጠ የ16 ዓመት ልጅ ሱሰኛ ሳይሆን ሊሞት ይችላል። «የእኛ ልጅ እንዲህ ዓይነት አይደለም» የሚለው ንግግር እውነት ሆኖም ልጁን አያድነውም።

ከዚህ የሚከተለው የመጀመሪያ እርምጃ አዲስ ጥናትም ጉባኤም አይጠይቅም። ናሎክሶን የተባለው በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ትንፋሹ ሊቆም የደረሰን ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ሊመልስ ይችላል፤ ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ትእዛዝ ይሸጣል፤ ፌንታኒል ላልወሰደ ሰው ቢሰጥም አይጎዳም። ኃይሉ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ስለሚያልቅ 911 መደወል የግድ ነው። በአንድ ደብር ቅጥር ውስጥ ዕጣኑ፣ ጧፉ፣ የድምፅ መሣሪያው በክብር የየራሱ ቦታ አለው። ናሎክሶን ግን አንድ ሳጥን እንኳ ይኖር ይሆን? «እሱን ማስቀመጥ ልጆቻችን ዕፅ ይወስዳሉ ብሎ መመስከር ነው» የሚል የሰበካ ጉባኤ አባል አይጠፋም። የእሳት ማጥፊያ ግድግዳው ላይ የሰቀለ ደብር ግን ቤተ ክርስቲያኑ እንዲቃጠል ፈቀደ ተብሎ ተከስሶ አያውቅም።

መከላከልን በሚመለከት አብያተ ክርስቲያናቱ የሚያውቁት መንገድ ስብከት ነው፤ በዓመት አንድ ጊዜ፣ በወጣቶች ጉባኤ፣ ባለሙያ ተጋብዞ። አሜሪካ ይህን መንገድ በሰፊው ሞክራዋለች። በ1983 በሎስ አንጀለስ የተጀመረውና «ዴር» የተባለው፣ ፖሊሶች በየክፍሉ እየገቡ ስለ ዕፅ ጠንቅ የሚያስተምሩበት መርሐ ግብር በመላ አገሪቱ ቢስፋፋም፣ የተደረጉት ግምገማዎች የተማሪዎቹን ዕፅ ተጠቃሚነት እምብዛም እንዳልቀነሰ አሳይተዋል። ማስፈራራት ብቻውን አይሠራም። የሠራው ነገር በአይስላንድ ታይቷል። በ1998 በዚያች አገር 15 እና 16 ዓመት ከሞላቸው ልጆች 42 በመቶው ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ ሰክረው ነበር፤ በ2016 ይህ ወደ 5 በመቶ ወረደ። በየቀኑ የሚያጨሱትም ከ23 ወደ 3 በመቶ ቀነሱ። አይስላንዳውያን ልጆቻቸውን ስለ ዕፅ አብዝተው በመስበክ አልደረሱበትም። ልጆች በምሽት ከቤት የሚወጡበትን ሰዓት በሕግ ወሰኑ፤ የአንድ ትምህርት ቤት ወላጆች ተሰብስበው በጋራ የሚጠብቁትን ደንብ ተፈራረሙ፤ ከትምህርት በኋላ ያለውን ሰዓት በስፖርትና በሙዚቃ ሞሉት፤ ለዚህም ከመንግሥት ካዝና ገንዘብ አወጡ። ወላጆችም ከልጆቻቸው ጋር የሚያሳልፉትን ጊዜ እንዲያበዙ ተጎተጎቱ።

እነዚህን ነገሮች አንድ ደብር ወይም አንድ የወንጌላውያን ማኅበረ ምእመናን ከአንድ የከተማ ምክር ቤት ይልቅ በቀላሉ ሊያደራጃቸው ይችላል። ወላጆቹ ይተዋወቃሉ፤ የልጆቻቸውን የክርስትና ስም ሳይቀር ያውቃሉ፤ አዳራሽ አላቸው፣ የሰንበት ትምህርት ቤት አላቸው። የጎደለው የጋራ ደንቡ ነው። አንዱ ወላጅ ልጁን እስከ እኩለ ሌሊት ሲፈቅድ ሌላው ከከለከለ ክልከላው ለልጁ ቅጣት ይሆንበታል፤ ሃያ ቤተሰብ አብሮ ከተስማማ ግን ደንቡ የአየር ጠባይ ያህል ተራ ነገር ይሆናል። ጊዜን በተመለከተ ፍርዱ መለዘብ አለበት፦ ቀን መኪና ማቆሚያ፣ ሌሊት ታክሲ የሚሠራ አባት ለልጁ ሲል እንደሚደክም ማንም አይክደውም። ውስኪውን በተመለከተ ግን መለዘብ አያስፈልግም። ልጅ ክርስትና ሲነሣ ጠረጴዛውን በጠርሙስ ሞልቶ፣ ሲሰክር እየተሣቀለት፣ በማግስቱ ስለ ዕፅ ነውርነት የሚመክር አባት ትምህርቱን ከምሽቱ በፊት ጨርሶታል።

ችግሩ ከታወቀ በኋላ የተለመደው መፍትሔ ልጁን ወደ አገር ቤት መላክ ነው፤ ለአያት፣ ለገዳም፣ ለጸበል። ከመጥፎ ጓደኛ መለየቱ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። አዲስ አበባ ግን ጫትም ሺሻም የማይታወቅባት ከተማ አይደለችም። ከሁሉ የከፋው ደግሞ ብዙ ወላጆች ያልተነገራቸው የአካል ሕግ ነው፦ ለጥቂት ወራት ከዕፁ የራቀ ሰውነት የቀድሞውን መጠን የመቋቋም ኃይሉን ያጣል። ያ ልጅ ወፍሮ፣ ፊቱ አብርቶ፣ ማተቡን አጥብቆ ሲመለስ ቤተሰቡ እልል ይላል፤ አንድ ምሽት ተሰናክሎ የድሮውን ያህል ቢወስድ ግን ያ መጠን ይገድለዋል። ከማገገሚያ፣ ከእስር ቤት ወይም ከገዳም ከተመለሱ በኋላ ያሉት ሳምንታት ከሁሉ የከበደ ጥበቃ የሚሹ ናቸው፤ ወላጅ እፎይ ብሎ የሚተኛውም በእነዚሁ ሳምንታት ነው።

ጸበልን ከመድኃኒት ጋር ማጣላትም ለዚህ ትውልድ የሚተርፍ ክርክር መሆን አልነበረበትም። በ2007 ፓትርያርኩ ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤችአይቪ መድኃኒት የሚወስዱ ምእመናን ጸበሉንም መድኃኒቱንም አብረው መውሰድ እንደሚችሉ፣ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታ በመሆናቸው እንደማይቃረኑ በይፋ አስተምረዋል። ሜታዶንና ቡፕረኖርፊን የዓለም ጤና ድርጅት በ2005 መሠረታዊ ከሚላቸው መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያስገባቸው ናቸው፤ የሞት አደጋውንም በእጅጉ ይቀንሳሉ። «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» እያለ ልጁን ከመድኃኒቱ የሚያስወጣ ወላጅ ወይም አጥማቂ፣ ያን ጊዜ በእንጦጦ ክኒናቸውን ከጣሉት ሕሙማን ሞት የተማረው ነገር የለም።

ሕጉም የራሱ ወጥመድ አለው። ካናቢስ በቨርጂኒያ ከ2021፣ በሜሪላንድና በሚኒሶታ ከ2023 ጀምሮ ለአዋቂዎች ተፈቅዷል፤ የፌዴራሉ ሕግ ግን አሁንም ይከለክለዋል፣ የስደተኞችን ጉዳይ የሚዳኘውም የፌዴራሉ ሕግ ነው። ግሪን ካርድ ያለው ወጣት ለግሉ ከያዘው 30 ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ ማሪዋና የአንድ ጊዜ ጥፋት በስተቀር በማንኛውም የዕፅ ወንጀል ቢፈረድበት ከአገር ሊባረር ይችላል። ከ2019 ጀምሮ በወጣው መመሪያም ክፍለ ግዛቱ የፈቀደውን ካናቢስ መጠቀሙን ያመነ ሰው የዜግነት ማመልከቻው ውድቅ ሊሆንበት ይችላል። በሌላ በኩል፣ ወላጅ ዜግነት ሲወስድ አብሮት የሚኖር፣ ግሪን ካርድ ያለውና 18 ዓመት ያልሞላው ልጅ ወዲያውኑ ዜጋ ይሆናል። የዜግነት ማመልከቻውን «ዛሬ ነገ» እያለ ልጁ 18 ዓመት እስኪሞላው ያቆየ አባት ልጁን ከዚህ ጥላ አውጥቶታል፤ ስለዚህ ጉዳይ ከቅዳሴ በኋላ የአሥር ደቂቃ ማስታወቂያ ያስነገረ ደብር ካለ እጅግ ጥቂት ነው።

የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ለዚህ ችግር ሌሎች የሚቀኑበት ተቋም አላት፦ የንስሐ አባት። ምስጢር የሚጠብቅ፣ ቤት ድረስ የሚመጣ፣ ያለ ቀጠሮና ያለ ክፍያ የሚሰማ ሰው። በስደት አገር ያደገ ልጅ ግን ይህን አባት የሚያገኘው በማያነብበው ቋንቋ ነው፤ በዚያ ላይ አባ የእናቱ ወዳጅ ናቸው፣ እሑድ እሑድ ከቤቱ ቡና ይጠጣሉ። ስለ ክኒን እንግሊዝኛ ቃል እየፈለገ ለእሳቸው ይናገራል ብሎ መጠበቅ ራስን ማታለል ነው። በእንግሊዝኛ የሚናዝዝ፣ ስለ ሱስ የሠለጠነ፣ ከወላጆቹ ማኅበር የራቀ አንድ ካህን መቅጠር ከአንድ ጉልላት ማስጌጫ አይበልጥም። የጠፋው ልጅ ታሪክ በየዓመቱ በእነዚህ አዳራሾች ይሰበካል። በዚያ ታሪክ ውስጥ አባትየው ልጁን በጓሮ በር አላስገባውም፤ በመንገድ ላይ ሮጦ አቀፈው፣ የሰባውን ፍሪዳ አሳረደ፣ የዘፈኑንና የጭፈራውን ድምፅ እርሻ የዋለው ታላቅ ወንድም ሳይቀር ወደ ቤት ሲቀርብ ሰማው።