ኤአይ የፕሮቲንን ቅርፅ ይገምታል፤ ወባ ሲቀየርስ?

«ኤአይ መድኃኒት ሊሰራ ነው» የሚል ዜና በየቀኑ ስልካችን ላይ ያልፋል። የዛሬው ጥያቄያችን ግን ጠበብ ያለ ነው፦ መድኃኒት የሚቋቋም ወባ ስጋት በሆነባት ኢትዮጵያ ይሄ ነገር ምን ይጠቅመናል?

መጀመሪያ የተሳካውን እንይ። ፕሮቲን እንደ ዶቃ የተሰካኩ አሚኖ አሲዶች ሰንሰለት ነው። ስራውን የሚሰራው ሰንሰለቱ ተጣጥፎ በሚይዘው ቅርፅ ነው። ያንን ቅርፅ በላብራቶሪ ማወቅ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈጃል። የጎግል ዲፕማይንዱ አልፋፎልድ ግን የዶቃዎቹን ቅደም ተከተል አይቶ ቅርፁን ቶሎ ይገምታል። ከ200 ሚሊዮን በላይ ግምቶች በነፃ ተለቀዋል። ዴሚስ ሃሳቢስ እና ጆን ጃምፐር በዚህ ስራ የእ.ኤ.አ. 2024 የኬሚስትሪ ኖቤልን ከዴቪድ ቤከር ጋር ተጋርተዋል።

ችግሩ ፕሮቲን ዝም ብሎ አይቀመጥም። ደማችን ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክስጅን ሲይዝና ሲለቅ ቅርፁን ይቀያይራል። አልፋፎልድ የሚሰጠን ግን ባብዛኛው ፎቶ እንጂ ቪዲዮ አይደለም።

አሁን ወደ ወባው እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ2023 ኔቸር ማይክሮባዮሎጂ ላይ የወጣ ጥናት ከኢትዮጵያ የተሰበሰቡ 609 የወባ ናሙናዎችን መርምሯል። በ8 በመቶው ላይ ኬልች13 የሚባለው ፕሮቲን 622ኛ ዶቃው ተቀይሮ ተገኘ። ከ700 በላይ ዶቃ ካለው ሰንሰለት አንዷ ብቻ! ይቺ ለውጥ ኮአርተም የሚገኝበትን የአርቴሚሲኒን መድኃኒቶች ቤተሰብ በከፊል ከመቋቋም ጋር ትያያዛለች። በከፊል ማለት መድኃኒቱ አይሰራም ማለት ሳይሆን ወባውን ከደም ለማጥፋት ይዘገያል ማለት ነው።

ታዲያ አልፋፎልድን አንዷን ዶቃ ቀይረን ብንጠይቀውስ? ብዙ ጊዜ ከድሮው እምብዛም የማይለይ ቅርፅ ነው የሚመልሰው። እንዲህ ላለ ጥያቄ ታስቦ አልተሰራም።

እርግጥ ቀጣዩ ትውልድ እየመጣ ነው። የማይክሮሶፍቱ ባዮኢሙ አንድ ፕሮቲን ሊይዛቸው የሚችሉ ብዙ ቅርፆችን ለመገመት የተሰራ ነው፤ ኮዱም ክፍት ነው። እንዲህ ያሉ ሞዴሎች የትኛው ለውጥ ቀድሞ ይመርመር የሚለውን ሊጠቁሙ ይችላሉ።

መድኃኒቱ እየሰራ መሆኑን የሚያረጋግጠው ግን ታካሚው ከወሰደ በኋላ ደሙን ደጋግሞ በማይክሮስኮፕ የሚያየው ባለሙያ ነው። በእኛ እይታ ክርክሩ «ኤአይ አለን ወይ?» መሆን የለበትም። ሞዴሉን ከየትም ማውረድ ይቻላል። ከጋምቤላ ወይም ከጎንደር የሚወሰድ የደም ናሙና ግን ከኢንተርኔት አይወርድም። እሱን የሚሰበስበው ጤና ጣቢያና የሚመረምረው ላብራቶሪ ካልተጠናከረ፣ ኤአዩ የሚገምተው የሌላ አገር ወባ ነው።