የቀድሞው አሠልጣኝ ይመለስ ወይስ አይመለስ?

የድሬዳዋ ከተማ እግር ኳስ ቡድን ሁለት ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ በተሸነፈ ቁጥር በከተማችን አንድ የታወቀ ክርክር ይነሳል። ከዚራ ዛፍ ጥላ ሥር ሻይ የሚጠጣው፣ ከስታዲየም ወጥቶ ባጃጅ የሚጠብቀው፣ በእኛም ግቢ ምግብ ቤት በር ላይ ሰሐን ይዞ የተሰለፈው ሁሉ የሚጠይቀው አንድ ነው፤ «ያኛው አሠልጣኝ ለምን አይመለስም?»

«አቦ፣ እሱ እያለ እንዲህ ተጫውተንብን እናውቃለን?» ይላል አንዱ። «እንዴ! ያኔ ይውረድልን ብለህ ስትጮህ የነበርከው አንተ አይደለህም?» ይለዋል ሌላው። ሳቅ ይሆናል፤ ሰልፉ ይንቀሳቀሳል፤ ክርክሩም እዚያው ይበተናል።

እኛ ግን ጉዳዩ በሳቅ ብቻ የሚታለፍ አይመስለንም። አንደኛ፣ የከተማ ክለብ የሚተዳደረው በአብዛኛው በሕዝብ ገንዘብ ነው። አሠልጣኝ ውሉ ሳያልቅ ሲሰናበት የሚከፈለው ካሣ፣ አዲሱ ሲመጣ የሚከፈለው ደመወዝ፣ ሁሉም ከዚያው ኪስ ይወጣል። ሁለተኛ፣ አሠልጣኝ በተለወጠ ቁጥር የሚያውቃቸውን ተጫዋቾች ይዞ መምጣቱ የተለመደ ነው። በዚህ መካከል ተራውን ሲጠብቅ የነበረው የሳቢያን ወይም የገንደ ቆሬ ልጅ ወንበሩን እንዳሞቀ ይቀራል። ያ ልጅ ደግሞ ነገ እኛ የምናስተምረው ተማሪ ታላቅ ወንድም ነው።

ስለሆነም አቋማችንን በቅድሚያ እንግለጽ። የቀድሞን አሠልጣኝ መልሶ መጥራት በራሱ ነውር አይደለም፤ በራሱ መድኃኒትም አይደለም። ሰውየው ከመጠራቱ በፊት የሄደበት ምክንያት መወገዱ መጣራት አለበት። ምክንያቱ ካልተወገደ ግን መልሶ መቅጠር ማለት መልሶ ለማባረር መቅጠር ማለት ነው።

አበው «የሞተ ልጅ አንገቱ ረጅም ነው» ይላሉ። ያለፈ ነገር ሁሉ ያምራል። ያሸነፍንበትን ቀን እናስታውሳለን፤ በዚያው ዓመት በገዛ ሜዳችን የተሸነፍንበትን ግን እንረሳለን። አዛውንቶቻችን የድሬዳዋ ጥጥ ፋብሪካና የሲሚንቶ ፋብሪካ ቡድኖች በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮንነት ወደ ድሬ ሲያመጡ የነበረውን ጊዜ ሲያወሩ ዓይናቸው ይበራል። ደስታቸው እውነት ነው። ነገር ግን ከእነዚያ ቡድኖች ጀርባ ፋብሪካ ነበረ፤ የሚተዳደሩበት ቋሚ ቤት ነበራቸው። የዚያን ዘመን አሠልጣኝ ብቻውን አንስተን ዛሬ ብናመጣው ቤቱን ይዞት አይመጣም።

አሁን ወደ ተጨባጩ ምሳሌ እንለፍ። በአገራችን የቀድሞ አሠልጣኝ ተመልሶ ውጤት ያመጣበት ትልቁ ታሪክ የአሠልጣኝ ሰውነት ቢሻው ነው። በ1998 ዓ.ም. ኪጋሊ ላይ ብሔራዊ ቡድናችንን ይዘው የሴካፋን ዋንጫ አነሱ። ከዚያ በኋላ ቡድኑ የአገር ውስጥና የውጭ አገር አሠልጣኞችን ሲያፈራርቅ ቆየና በ2004 ዓ.ም. እንደገና እሳቸውን ጠራ።

አጀማመራቸው እንዴት ነበር? በኅዳር 2004 እዚሁ በባቡራችን ጫፍ፣ ጂቡቲ ላይ፣ ከሶማሊያ ጋር ዜሮ ለዜሮ። «ይኸው ነው የተመለሱት?» ለማለት የሚያመች ውጤት ነበር። በመልሱ ጨዋታ አዲስ አበባ ላይ 5 ለ 0 አሸነፉ። በ2004 ዓ.ም. ማብቂያ ደግሞ ለአፍሪካ ዋንጫ ለማለፍ በተደረገው ጨዋታ በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸነፉ። አምስት ጎል የገባበት አሠልጣኝ በየክለባችን ቢሆን ኖሮ ማግስቱን ሻንጣውን ይሸክም ነበር። እሳቸው ግን በቦታቸው ቆዩ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰኢድ ባገቧቸው ሁለት ጎሎች ሱዳንን 2 ለ 0 አሸንፈው፣ በድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ ከሜዳ ውጪ በገባ ጎል ብልጫ፣ ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፈች። ያን ምሽት ድሬዳዋ ውስጥ እንቅልፍ የተኛ ሰው ካለ እኛ አላገኘነውም።

ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም. በደቡብ አፍሪካ የመጀመሪያው ተጋጣሚያችን የዋንጫው ባለቤት ዛምቢያ ነበረች። አሠልጣኟ ፈረንሳዊው ኸርቬ ሬናርም ተመላሽ ነው። በመጀመሪያው ዘመኑ ዛምቢያን በ2002 ዓ.ም. አንጎላ ላይ ለሩብ ፍጻሜ አድርሶ ሄደ፤ በ2004 ዓ.ም. ተጠርቶ ተመለሰና በዚያው ዓመት ሊብረቪል ላይ አይቮሪኮስትን በፍጹም ቅጣት ምት አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። እንግዲህ በዚያን ዕለት ሁለት የተመለሱ አሠልጣኞች ፊት ለፊት ተገናኙ፤ 1 ለ 1 ተለያዩ። ሬናር ሲመለስ ቀድሞ ካሠለጠናቸው ተጫዋቾች ብዙዎቹን እዚያው አገኛቸው፤ የዘራው አልተነቀለም ነበር። ለአሠልጣኝ ሰውነት ደግሞ ጊዜ ተሰጣቸው። የሁለቱም መመለስ ፍሬ ያፈራው በዚህ ምክንያት ይመስለናል።

ይሁን እንጂ ታሪኩን እስከ መጨረሻው መናገር ይገባል። በ2005 ዓ.ም. በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ቦትስዋናን በሜዳዋ ካሸነፍን በኋላ፣ በሁለት ቢጫ ካርድ መቀጣት የነበረበት ተጫዋች በመሰለፉ ሦስት ነጥብ ተወሰደብን። ከምድባችን አንደኛ ሆነን ከማለፍ ባያግደንም፣ መዝገብ በትክክል ካልተያዘ አሠልጣኙ ማንም ቢሆን እንደማያድን አይተንበታል። ከዚያም በ2006 ዓ.ም. በናይጄሪያ በደርሶ መልስ ተሸነፍን፤ በቻን ውድድር ሦስቱንም ጨዋታ ተሸነፍን፤ አሠልጣኙም ተሰናበቱ። የተተኩት ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶም አንድ ዓመት ያህል ቆይተው ሄዱ።

የአውሮፓን ኳስ ለምትከታተሉ ደግሞ ሞሪንሆ አለላችሁ። በ2007 እ.ኤ.አ. ከቼልሲ ተለያየ፤ በ2013 ተመለሰ፤ በ2015 ሊጉን ወሰደ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ላይ እንደገና ተሰናበተ። ዋንጫው ተመልሶ መጣ፤ ስንብቱም አብሮ ተመለሰ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። እኛ ነገ መምህራን ነን። መምህር ሲዛወር የክፍሉን መዝገብና ትምህርቱ የት እንደደረሰ የሚያሳየውን ዕቅድ ለተተኪው ያስረክባል። ተተኪው ከምዕራፍ አንድ አይጀምርም። አሠልጣኝ ሲሄድስ ምን ያስረክባል? ማን ተጎዳ፣ ማን ተስፋ ይጣልበታል፣ የትኛው ታዳጊ ለዋናው ቡድን ደረሰ የሚል ወረቀት የሚረከብ አለ? ይህ ከሌለ የቀድሞውም ይምጣ አዲሱ ሁልጊዜ ሀ ብለን እንጀምራለን።

ስለዚህ «ይመለስ!» ከማለታችን በፊት አራት ጥያቄ እንጠይቅ።

አንደኛ፣ ለምን ሄደ? በውጤት ነው፣ በደመወዝ መዘግየት ነው፣ ወይስ በሥራው ጣልቃ እየተገባበት? ያ ነገር ዛሬ ተስተካክሏል ወይ?

ሁለተኛ፣ የገነባው ቡድን ዛሬ አለ ወይ? ወይስ ስሙ ብቻ ነው የቀረው?

ሦስተኛ፣ ሰውየው ራሱ ምን ተማረ? ባለፈው የተሳሳትኩት ይህ ነው ብሎ ግለ ሂስ ማድረግ የሚችል ሰው ሁለተኛ ዕድል ይገባዋል። ጥፋቱ ሁሉ የሌላ ነበር የሚል ግን ያንኑ ጥፋት ይዞ ይመጣል።

አራተኛ፣ ስንት ጊዜ እንሰጠዋለን? ይህ ለክለቡ ኃላፊዎች ብቻ ሳይሆን ለእኛ ለደጋፊዎች ነው። ብርቱካናማውን ማልያ ለብሰን የምንጮህ እኛ ነን፤ ይውረድ የምንል እኛ ነን፤ ወሩ ሳይሞላ ይመለስ የምንለውም እኛው ነን። ሂሱ ከእኛ ይጀምር።

የእነዚህ መልስ «አዎ» ከሆነ አሠልጣኙ ይመለስ፤ እኛም አጨብጭበን እንቀበላለን። ካልሆነ ግን ለሰውየውም ቢሆን ክፉ ውለታ ነው፤ የነበረውን መልካም ስም ይዞ በሰላም ይኑርበት።

አንባቢያን ሆይ፣ ይህ የእኛ አስተያየት ነው። የተለየ ሐሳብ ያለው ሠልጣኝም ሆነ መምህር ጽፎ ያምጣልን፤ ከዚሁ ጎን እንለጥፈዋለን።