ጥብቀት ልክ አለው፦ ስለ ካንዴላ፣ ስለ ጥርስና ስለ ሙያ ፖሊሲያችን

የኢንዱስትሪ ፖሊሲ በተነሣ ቁጥር ክርክራችን ስለ ፋብሪካ፣ ስለ ግድብና ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚሟገተው ከእነዚህ ሁሉ እጅግ ስላነሰ ጉዳይ ነው፦ መካኒክ ካንዴላ ሲያስር እጁን የት ላይ ማቆም እንዳለበት። ያን ነጥብ መወሰን ያለበት ልክ እንጂ ጡንቻ አይደለም። ልኩን የማያስተምርና የማይመዝን የሙያ ሥርዓት የአገሩን ሀብት በገዛ እጁ ያጠፋል።

የካንዴላው አካል ብረት ነው፤ የሚገባበት ቴስታታ ግን በአብዛኞቹ ዘመናዊ የቤንዚን ሞተሮች አሉሚኒየም ነው። ሁለቱ ሲታገሉ የሚሸነፈው አሉሚኒየሙ ነው። ካንዴላው ከልክ በላይ ሲጠብቅ የቀዳዳው ጥርስ ይበላል፤ የካንዴላው አንገት ሊለጠጥ፣ ነጩ ሸክላም ሊሰነጠቅ ይችላል። ላልቶ ከቀረ ደግሞ ሙቀቱን ወደ ቴስታታው ማስተላለፍ ስለሚያቅተው ከመጠን በላይ ይግላል፣ የታመቀው ጋዝ ያፈተልካል፣ ንዝረቱም ጥርሱን ይጎዳል። «ላላ» የሚለው ስሕተት እንግዲህ «በደንብ ይጥበቅ» በሚለው ስሕተት አይታረምም።

ልኩ የታወቀ ነው። ጥርሱ 14 ሚሊ ሜትር ለሆነና ሮንዴላ ላለው ካንዴላ፣ በአሉሚኒየም ቴስታታ ላይ፣ የካንዴላ አምራቾች በተለምዶ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር ይመክራሉ፤ ለ12 ሚሊ ሜትር ከ15 እስከ 20፣ ለ10 ሚሊ ሜትር ከ10 እስከ 12። የመኪናው መመሪያ የተለየ ቁጥር ከሰጠ የመመሪያው ይቀድማል። 25 ኒውተን ሜትር ማለት በ25 ሳንቲ ሜትር ቁልፍ ጫፍ ላይ 10 ኪሎ ገደማ ክብደት እንደ ማሳረፍ ነው። ያው እጅ በቁልፉ ላይ ቱቦ ቀጥሎ ርዝመቱን 50 ሳንቲ ሜትር ቢያደርሰው፣ ሳይታወቀው በእጥፍ ያጠብቃል።

«የሠለጠነ እጅ መለኪያ አይሻም» የሚል ሙግት አለ። የነባር መካኒኮቻችን ልምድ ክብር ይገባዋል፤ ነገር ግን እጅ የሚያውቀው የራሱን ድካም ነው። ቁልፉ ሲረዝም ድካሙ ይቀንሳል። ጥርሱ በቅባት ሲርስ ሰበቃው ስለሚቀንስ፣ በዚያው ኃይል ካንዴላው ይበልጥ ይወጠራል። አንዳንድ አምራቾች በኒኬል የተለበጠ የካንዴላ ጥርስ ቅባት አይቀባ የሚሉት በዚህ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ሙግት «የጥብቀት መለኪያ ቁልፍ ውድ ነው» የሚለው ነው። እውነት ነው፤ ሰበብ ግን አይሆንም። ያለ መለኪያም የሚሠራ ልክ አለ። ሞተሩ ይቀዘቅዛል፣ የቀዳዳው ዙሪያ ይጸዳል፣ ካንዴላው በጣት ኃይል ብቻ እስኪቀመጥ ይዞራል። መንገድ ላይ እምቢ ካለ ጥርስ ለጥርስ አልተገናኘምና ተመልሶ እንደገና ይጀመራል እንጂ በቁልፍ አይገፋም። ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ሮንዴላ ያለው ካንዴላ ከግማሽ እስከ ሁለት ሦስተኛ ዙር ይጨመርለታል፤ ሮንዴላ የሌለውና መቀመጫው ሾጣጣ የሆነው ግን አንድ አሥራ ስድስተኛ ዙር ብቻ። ሁለቱን ያምታታ ሰው ቴስታታ ሊያጠፋ ይችላል። ይህን ለማወቅ የሚያስፈልገው አስተማሪ እንጂ ገንዘብ አይደለም።

ነገሩ የፖሊሲ ጥያቄ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ አግዷል። ዛሬ መንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን ሞተሮች እንግዲህ ለብዙ ዓመታት ማገልገል አለባቸው። ጥርሱ የተበላ ቴስታታ ቢቀናው ቶርኖ ቤት ሄዶ ቀዳዳው ሰፍቶ አዲስ ጥርስ ይገባለታል፤ ካልቀናው በውጭ ምንዛሪ የመጣ ቴስታታ ይገዛለታል። የኤሌክትሪክ መኪናም ከዚህ ጣጣ አያድነንም፤ ካንዴላ ባይኖረውም ብሎኖቹ ልክ አላቸው፣ በልኩ ያልታሰረ የባትሪ ማያያዣም ግሎ እሳት ሊያስነሣ ይችላል።

ስለዚህ መጠየቅ ያለብን ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር በመካኒኮች የብቃት ምዘና ውስጥ በልክ ማሰርን ተፈታኙ በተግባር ካላሳየ የማያልፍበት መመዘኛ ያድርገው። ሁለተኛ፣ የጥብቀት መለኪያ ቁልፎች ከቀረጥ ነፃ ይግቡ፤ መለኪያው ራሱ ከልኩ እንዳይወጣም የአገሪቱ የሥነ ልክ ተቋም አገልግሎቱን እስከ ጋራዥ ያድርስ። ሦስተኛው የእኛ የውጭ ነዋሪዎቹ ድርሻ ነው፦ በመካከላችን ያሉ መሐንዲሶች በአገራችን በብዛት ለሚነዱ መኪኖች የጥብቀት ሰንጠረዥ በአማርኛ አዘጋጅተው ለማሠልጠኛ ተቋማት ይስጡ። ይህ የጥቂት ቅዳሜዎች ሥራ ነው፤ በየጉባኤው ስለ «ዕውቀት ሽግግር» ከምናሰማው ንግግርም ይልቅ ይጠቅማል።

አባቶቻችን «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብለው ከመላላት አስጠንቅቀውናል። «ሲከር ይበጠሳል» ያሉትም እነርሱው ናቸው። የመጀመሪያውን ምክር ጋራዦቻችን በሚገባ ይዘውታል፤ ሁለተኛውን በቁጥር አስደግፎ ማስተማር የማሠልጠኛ ተቋማቱና የእኛ ሥራ ነው።