የአስቤስቶስ እገዳና የዲማ ወርቅ ቆፋሪዎች

ሀብት የሚፈጠረው በሠራተኛው ጉልበት ነው። ሀብቱ ሲቆጠር ግን ያመረተው ሰው ጤና አብሮ የሚቆጠርበት ጊዜ ጥቂት ነው። ልዩ ልዩ አገሮች አስቤስቶስ የተባለውን ማዕድን ለማገድ የተጓዙት ረጅም መንገድ ለዚህ ዓይነተኛ ማስረጃ ይሆናል። በጋምቤላ ክልል በዲማ ወረዳ በወርቅ ቁፋሮ ለሚተዳደሩ ወገኖቻችንም ሆነ በየፋብሪካው ለሚገኘው ሠራተኛ ይህን ታሪክ ማወቅ ለነገ የማይባል ጉዳይ ነው።

አስቤስቶስ እንደ ጥጥ ሊፈተል የሚችል፣ እሳት የማይበላውና በርካሽ የሚገኝ ማዕድን ነው። በዚህም ባሕርይው የተነሣ ለቤት ክዳን፣ ለውኃ ቱቦ፣ ለፍሬን ሸራና ለቦይለር መሸፈኛ ሲያገለግል ኖሯል። ሲሰበር ወይም ሲጋዝ ግን ዓይን የማያየው ብናኝ ይወጣዋል። ብናኙ ሳንባ ውስጥ ከገባ በኋላ ትንፋሽን የሚያሳጥር ጠባሳ፣ እንዲሁም የሳንባና የሳንባ ሽፋን ካንሰር ያስከትላል። በሽታው ብዙውን ጊዜ የሚገለጠው ከ20 እስከ 40 ዓመት ካደፈጠ በኋላ ነው። ከዚህም የተነሣ ሠራተኛው አልጋ ላይ ሲወድቅ አሠሪው ትርፉን ሰብስቦ ከሄደ ዘመናት አልፈዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ግምት እንደሚያስረዳው በሥራ ቦታ በሚደርስ የአስቤስቶስ ጉዳት ብቻ በየዓመቱ ከ200 ሺህ የማያንሱ ሰዎች ይሞታሉ።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ መነሣቱ አይቀርም። ጉዳቱ የታወቀው መቼ ነው? እገዳውስ የመጣው መቼ ነው? በብሪታኒያ የመንግሥት ተቆጣጣሪዎች የአስቤስቶስ ፋብሪካ ሠራተኞችን መርምረው አደጋውን በሪፖርት ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1930 ነው። ብሪታኒያ ማዕድኑን ሙሉ በሙሉ ያገደችው ደግሞ በ1999 ነው። በካናዳ የኬቤክ ግዛት የአስቤስቶስ ማዕድን ሠራተኞች በ1949 የሥራ ማቆም አድማ ሲመቱ ካቀረቧቸው ጥያቄዎች አንዱ ብናኙ ይወገድልን የሚል ነበር። የተላከላቸው ግን ፖሊስ ነበር። ካናዳ አስቤስቶስን ያገደችው በ2018 ነው። በሁለቱም አገሮች በዕውቀትና በሕግ መካከል፣ በጥያቄና በመልስ መካከል 69 ዓመት አለፈ።

ከዚህ የባሰም አለ። ፈረንሳይ ከ1997 ጀምሮ አስቤስቶስን ስታግድ፣ ገበያዋ የተነካባት ካናዳ በዓለም የንግድ ድርጅት ዘንድ ከሰሰቻት። ድርጅቱ በ2001 በሰጠው የመጨረሻ ውሳኔ ፈረንሳይ የሕዝቧን ጤና ለመጠበቅ ያወጣችው እገዳ ተገቢ መሆኑ ተረጋገጠ። ከሳሿም ከ17 ዓመት በኋላ ያንኑ እገዳ በገዛ አገሯ አወጀች።

ጉዳቱ በሠራተኛው ላይ ብቻ የሚያበቃ አይደለም። በ1960 የታተመ የደቡብ አፍሪካ ሐኪሞች ጥናት 33 የሳንባ ሽፋን ካንሰር ታማሚዎችን ሲዘረዝር፣ ከእነዚህ መካከል ማዕድን ቆፍረው የማያውቁ፣ ነገር ግን በልጅነታቸው በማዕድኑ አካባቢ የኖሩ ይገኙባቸው ነበር። እንግዲህ ብናኝ የሥራ ቦታ አጥር አያግደውም፤ የሠፈሩም ጉዳይ ነው።

ዛሬ አስቤስቶስን ያገዱ አገሮች ከ60 በላይ ናቸው። አይስላንድ በ1983 ፋና ወጊ ስትሆን፣ በአህጉራችን ግብፅ በ2005፣ ደቡብ አፍሪካ በ2008፣ አልጄሪያ በ2009 ተከትለዋል። ይህም ሆኖ ሩሲያን የመሳሰሉ አምራቾች አሁንም ያመርታሉ። አገራችን አባል በሆነችበት በሮተርዳም ስምምነት፣ በብዛት የሚሸጠውን ነጭ አስቤስቶስ ከውጭ ሲገባ አስቀድሞ የአስገቢው አገር ፈቃድ ከሚጠየቅባቸው ዕቃዎች ዝርዝር ለማስገባት ከ2006 ጀምሮ የቀረበው ሐሳብ በጥቂት አገሮች ተቃውሞ በ2025 ጭምር ሳይሳካ ቀርቷል። በአንድ አገር በር የተዘጋበት ሸቀጥ በሩ ገርበብ ወዳለበት አገር እንደሚያመራ ማንም አይስተውም።

«ርካሽ ነው፤ ለደሀ አገር ይጠቅማል» የሚሉ አይጠፉም። ይህ ሒሳብ ግን ጎዶሎ ነው። የክዳኑ ዋጋ በሱቅ ይከፈላል፤ የሳንባው ዋጋ በሆስፒታልና በወላጅ አልባ ልጆች ይከፈላል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ዲማን ምን ይመለከታል? የዲማ ቆፋሪ የሚያወጣው ወርቅ እንጂ አስቤስቶስ አይደለም። ሆኖም ወርቅ ያዘለውን ነጭ ድንጋይ ሲፈልጥና ሲፈጭ የሚነሣው ብናኝ ሲሊካ ይዟል። ይህም ሲሊኮሲስ የተባለውን የማይድን የሳንባ በሽታ ያመጣል፤ ለሳንባ ነቀርሳም ያጋልጣል። ማዕድኑ ይለያይ እንጂ የአደጋው አካሄድ አንድ ነው፤ ዛሬ የተተነፈሰው ብናኝ ከዓመታት በኋላ ሒሳቡን ይጠይቃል።

ኢትዮጵያ የሙያ ደኅንነትና ጤንነት ስምምነት ቁጥር 155ን እ.ኤ.አ. በ1991 አጽድቃለች። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንቀጽ 92 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነት የመጠበቅና የመከላከያ መሣሪያ የማቅረብ ግዴታ እንዳለበት ይደነግጋል። ነገር ግን ይህ አንቀጽ አሠሪ ላለው ሰው ነው። በራሱ ጉድጓድ በራሱ ዶማ የሚቆፍረው ወገናችን ይህን ግዴታ ማንን ይጠይቅ? ክፍተቱን የመሙላቱ ኃላፊነት የሚያርፈው በማኅበሩና በቀበሌው ላይ ነው።

የሚጠየቀውም ከአቅም በላይ አይደለም። ድንጋይ ከመፈጨቱ በፊት በውኃ ይርጠብ። መፍጫው ከመኖሪያ ቤትና ከልጆች መጫወቻ ይራቅ። በብናኝ የተሸፈነ ልብስ እቤት አይግባ። የሚያስል ጓድ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድ ሥራው ምን እንደሆነ ለሐኪሙ ይናገር፤ ማኅበሩም ስሙን ይመዝግብ፤ ያልተመዘገበ በሽታ እንደሌለ ይቆጠራልና። በየከተማው ያለን ሠራተኞች ደግሞ ያረጀ የአስቤስቶስ ክዳን በደረቁ አንሰንጥቅ፤ በጋራዥ የፍሬን ሸራ ብናኝ በኮምፕሬሰር አንንፋ፤ ማኅበራችን ዕቃ ሲገዛ ከምን እንደተሠራ በጽሑፍ እንጠይቅ።

የኬቤክ ሠራተኞች ብናኙ ይወገድልን ባሉ ጊዜ ሰሚ ቢያገኙ ኖሮ ስንት ሰው በተረፈ ነበር። የእነርሱን 69 ዓመት እኛ ደግመን የምንከፍልበት አንዳች ምክንያት የለም። ለዲማ ቆፋሪ ወርቁ የሚጠቅመው በጤና ቆይቶ ሲበላው ነውና፣ ማኅበራትና ቀበሌዎች ሥራውን ዛሬውኑ ሊጀምሩ ይገባል እንላለን።